ፋሲካ አልፎም ሽሮ

ደብረ ብርሃን ላይ የበዓል ዋዜማ ሲመጣ ዶሮ የሚባርክ ወንድ ይፈለጋል። ሴት አታርድም፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም ልጆቿ አዲስ አበባ የሄዱባት እናት ዶሮዋን በክንፏ አንጠልጥላ በር ላይ ትቆማለች። የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ታያለች። «ወንድሜ፣ እስቲ ይችን ባርክልኝ» ትላለች። እምቢ ማለት ነውር ነው።

በእኛ ሰፈር ያ ወንድ እኔ ነበርኩ። አባቴ ቀድሞ ስላረፈ የቤታችንን ዶሮ ከጉርምስናዬ ጀምሮ የምባርከው እኔ ነኝ። ከዚያ «የዚያ ልጅ እጁ ፈጣን ነው፣ አያሰቃይም» የሚል ወሬ ዞረ። አለቀልኝ። ለዘመን መለወጫ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ከቤት ቤት እዞራለሁ። ካንዱ ቤት ምርቃት፣ ካንዱ ቤት ጠላ ይደርሰኛል። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ ክንፏን ባንድ እግሬ፣ እግሮቿን በሌላው ረገጥ አድርጌ፣ «በስመ አብ» ብዬ እጀምራለሁ። ወዲያው ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። የዶሮ ዓይን እንደ ሰው ከላይ ወደ ታች አይከደንም። የታችኛው ቆብ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ይህን የሚያውቀው ባራኪው ነው። ወጡን የሚበላው ሰው አያየውም።

አሁን ስጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልነካም። በዘመኑ አነጋገር ቪጋን ነኝ። ሰፈር ውስጥ ግን እንደዚያ አልልም። አንዴ ለጓደኛዬ ብነግረው «ስጋው በዚህ ዋጋ እያለ ሁላችንም ቪጋን ነን እኮ፣ አንተን ምን ልዩ ያደርግሃል?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ነው። ኅዳር ላይ ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ መጣ። ከአጣዬ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲና የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ እኛ ወጣ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ሰፈርተኛው ዳቦ ይጋግራል፣ ገብስ ቆልቶ በሶ ያስፈጫል፤ እኔ ተሸክሜ አደርሳለሁ። እዚያ ከቆላው የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ቤታቸውንም እህላቸውንም ጥለው ነው የወጡት። ስለ ቤቱ አያወሩም። ስለ እህሉም አያወሩም። ወሬያቸው ስለ ሁለት በሬዎቻቸው ነው፤ ቦራና ዳልቻ።

«ስንወጣ ገመዳቸውን ቆርጬ ለቀቅኋቸው» አሉኝ። «እንደታሰሩ በረሃብ ከሚሞቱ ብዬ። ቦራ ሄደ። ዳልቻ ግን ተከተለኝ። እንዲመለስ በድንጋይ መታሁት።»

በማግስቱ በሶ ይዤ ስመለስ ያንኑ ነገሩኝ። ድንጋዩን አነሱ፣ ወረወሩ፣ በሬው ቆሞ አያቸው። ሌላ ቀን ስሄድም ያው ነው። ከዚህ ሁሉ ጥፋት መሃል ልባቸው ውስጥ የቀረችው ያቺ ድንጋይ ነች።

ያን ሰሞን መንገዱ ላይ መሣሪያ፣ ቤት ውስጥ ለቅሶ ነበር። የገና ዋዜማ ላይ ከፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ እንደ ልማዳቸው ጠሩኝ። ሄጄ ባረክሁላቸው። እጄን ሲያስታጥቡኝ ውሃው ቀልቶ ሲወርድ አየሁና ይበቃኛል አልኩ። ራእይ አልታየኝም። ፍልስፍናም አልነበረኝም። ደም ሰለቸኝ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እንደ ሁሉም ሰው ጾምኩ። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 16 ነበር። ዶሮዋን የአጎቴ ልጅ መጥቶ ባረካት። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ማዕድ ቀረበ። እንቁላሉ ከወጡ መሃል ብቅ ብሏል፣ ቤቱ በቅቤ ታውዷል። እኔ እጄ አልዘረጋ አለኝ። «እማዬ፣ ከትናንቱ ሽሮ የተረፈ አለ?» አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። የእኔ ነገር ከዚህ አያልፍም እንግዲህ፤ ሌላው ሰው ጾሙን ፈታ፣ እኔ ሳልፈታ ቀረሁ።

«ሰው እያለቀ አንተ ስለ ዶሮ ታስባለህ?» ያለኝ ሰው አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሰው ነፍስና የዶሮ ነፍስ እኩል ነው አላልኩም፤ አልልምም። ጦርነት ማስቆም አልችልም። የማንንም ጠመንጃ ማስጣል አልችልም። ቢላዋው ግን የእኔ እጅ ላይ ነበር።

ማንበቡ በኋላ ነው የመጣው። ቪጋን የሚለው ስም የወጣው እንግሊዝ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ዶናልድ ዋትሰን የሚባል የእንጨት ሥራ መምህር ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ማኅበር ሲያቋቁም ያወጡት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ፤ ዓለም እየተፋጀ ነበር። ዋትሰን ራሱ ሰው መግደል ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብሎ ጦር ሜዳ ያልሄደ ሰው ነው። ጋንዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 ለሕግ ትምህርት ለንደን ሲሄድ ስጋ ላይበላ ለእናቱ ምሎ ነው የተነሳው። የእኔ እናት እንድበላ ልታስምለኝ ትፈልጋለች። ጋንዲም ቢሆን ወተት አሸንፎታል። የላም ወተት ተውኩ ብሎ ሲታመም የፍየል ጠጣ። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ።

እውነቱን ለመናገር ለእኛ አገር ሰው ይህ ነገር መክበድ አልነበረበትም። ረቡዕና ዓርብ አለ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የፍልሰታ 15፣ የነነዌ 3፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት አለ። ሁሉንም የሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሹን ያለ ስጋና ያለ ወተት ነው የሚያሳልፈው። ሙያው አለ፣ ምግቡ አለ። በጾም ወራት እኔን ከማንም የሚለየኝ ነገር የለም። ልዩነቱ የሚመጣው በፍስክ ነው፤ በተለይ በሃምሳው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ምሳ ቤት ገብቼ የማደርገው ጭውውት ይኸው፦

«የጾም ምን አለ?»

«የምን ጾም? ፋሲካ እኮ ነው!»

«እሺ፣ ሽሮስ?»

«ሽሮ አለ።»

«በምንድነው?»

«በቅቤ ነዋ!»

በኩራት ነው የምትነግረኝ። አልፈርድባትም። ሁለት ወር ሙሉ በዘይት ሲሠራ የከረመ ሽሮ ቅቤ አግኝቷል፤ ደስ ልትሰኝ ይገባታል። እኔም ፓስታ በአትክልት አዝዤ እበላለሁ። በሃምሳው የምበላውን ፓስታ ጣሊያን አገር የሚበሉት አይመስለኝም።

በሃምሳው አለመፍታቴ ግን አሳሰበኝና የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«ጾም ነው ብለህ ነው የማትበላው?»

«አይደለም አባ። ዝም ብዬ ነው።»

«እንግዲያ ጾም አትበለው። ስጋውንም ርኩስ ነው አትበል። ለሮሜ ሰዎች ምዕራፍ 14ን አንብብ፤ የማይበላው በሚበላው አይፍረድ።» ከዚያ ፈገግ አሉና «ዘፍጥረት 1፥29ን አንብብ፣ 9፥3ንም አብረህ አንብብ» ብለው አሰናበቱኝ።

አነበብኩ። መጀመሪያው ላይ ለሰው የተሰጠው ምግብ ዘርና የዛፍ ፍሬ ነው። ስጋው የተፈቀደው ከጥፋት ውሃ በኋላ፣ ለኖኅ ነው። አንዷን ጥቅስ መዝዤ ሰው ላይ እንዳልሮጥ አስቀድመው ገብቷቸዋል። አንዳንዴ ግን ሳልናገር የማልፈው ነገር አለ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ስንቱ ቤት ሰቅሎታል! 60 አንበሳና 60 ነብር አብረዋቸው እንደኖሩ ገድላቸው ይናገራል። በጥቅምት አቦ ቀን ደግሞ በግ እንጥላለን።

ስጋ መተዌን ሰው በግድም በውድም ይቀበለዋል። ወተቱ ነው የማይገባው። «ላሚቱ አትሞት፣ ምን ሆነች ብለህ ነው?» ይሉኛል። ያኔ የማስታውሰው መንዝን ነው። ክረምት ክረምት አያቴ ዘንድ እሄድ ነበር። አንድ ክረምት ላሟ የወለደችው ጥጃ ሞተ። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን አትለቅም፤ ትቋጥራለች። ስለዚህ ቆዳውን ገፈው ጭድ ሞሉበትና ሰፉት። እሱን ፊቷ ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ጨው ያለው ውሃ ረጨት ይደረግበታል። ላሟ ታሸተዋለች። ከዚያ ትልሰዋለች፤ ጀርባውን፣ ጆሮውን። ምላሷ ሻካራ ስለሆነ ድምፁ ይሰማል። በስፌቱ በኩል ጭድ ብቅ ይላል፣ እኔ በጣቴ መልሼ እከትተዋለሁ። ከኋላ ወተቱ ጮጮው ውስጥ ይወርዳል።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወተቱ ደግሞ ለእኔ ነበር፤ የከተማ ልጅ ከስቷል ተብሎ።

መንዝ ሄጄ ግን ስለዚህ ነገር አፌን አልከፍትም። እዚያ ብርዱ ገብሱን ይመታዋል፣ በልጉ ይቀራል። ሲቀር የሚተርፈው በጉ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፣ ላቷ ወፍራም፣ ጠጉሯ ብዙ። ማዳበሪያ የሚገዛው፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው በእሷ ነው። አክስቴ በግ አትሽጪ ብላት ምን ትበላለች? እኔ ሽሮዬን ከሱቅ ገዝቼ የምበላ ሰው ነኝ።

ደግሞስ የእኔ ሽሮ ንጹሕ ነው ወይ? ባቄላው የተዘራው በሬ ባረሰው መሬት ነው። ሞፈርና ቀንበሩ የተያያዘው በቆዳ ጠፍር ነው። ጅራፉም ቆዳ ነው። ደጋው ላይ እንጨት ስለሌለ እንጀራው የሚጋገረው በኩበት ነው። ከብት ያልነካው ጉርሻ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። እነዋትሰን የመሠረቱት ማኅበር ራሱ «በተቻለና አቅም በፈቀደ መጠን» ነው የሚለው። እኔም በዚያች ሐረግ ነው የምኖረው። አያቴ ያወረሱኝ ዝተት ከበግ ጠጉር የተሠራ ነው። አልጋዬ ላይ አለ። የደብረ ብርሃንን ኅዳር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ብቻውን አይመልሰውም። አዲስ አልገዛም፣ ያለኝን ደግሞ አልጥልም።

መንዝን ካነሳሁ እዚያው ያለውን የሣር ምድር፣ ጓሳን፣ ሳልጠቅስ አላልፍም። እዚያ ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ ሣር ይነጫሉ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘመዶቻቸው መካከል ኑሮውን እንዲህ በሣር ላይ የመሠረተ ሌላ የለም። ቀይ ቀበሮው በመንጋቸው መሃል ይሄዳል። አይሸሹትም፤ ግልገሎቻቸው አጠገቡ ናቸው፣ አይነካቸውም። መጀመሪያ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተኩላና ጠቦት አብረው የሚሉት የኢሳይያስ ትንቢት ደርሶ መሰለኝ። በኋላ አጥኚዎች የደረሱበትን አነበብኩ። ቀበሮው እዚያ የሚሄደው ለአይጥ ነው። በጭላዳዎች መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ሰላሙ ለጭላዳ ነው እንጂ ለአይጥ አይደለም። ተፈጥሮን አይተህ ተማር ለሚሉኝ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ወደ ሰፈር ልመለስ። ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰው ነው። ሰው ስል ክፉ ሰው ማለቴ አይደለም፤ የሚወድህ ሰው። ጉርሻ ጠቅልላ አፍህ ድረስ አምጥታ «በሞቴ» የምትልህን አክስት ምን ትላታለህ? እምቢ ካልክ ሞቷን ናቅህ። እሺ ካልክ ነገሩ ፈረሰ። እኔ አሁን መላ አግኝቻለሁ። ቀድሜ እጠቀልልና እኔ አጎርሳታለሁ። አፏ ሲሞላ «በሞቴ» ማለት አትችልም።

ቅርጫውም አለ። ሰፈሩ በሬ ሲገዛ እኔ ከመደቡ ወጣሁ። መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ የአንድ ሰው መዋጮ ጎደለ ማለት ነው። አዲስ ጎረቤት ተተካ። ከዚያ ጋሼ፣ የቅርጫው ዳኛ፣ አንድ ሐሳብ አመጡ። «የራሱ መደብ የሌለው ሰው አያዳላም፤ ዕጣውን እሱ ያውጣ» አሉ። እናላችሁ አሁን በየበዓሉ ባርኔጣ ይዤ ዕጣ አወጣለሁ። ሻኛው ለማን እንደደረሰ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ስጋ ስበላ እንኳን እንዲህ አልተከበርኩም።

ባራኪነቱን መተው ግን ከባድ ነበር። ለእንቁጣጣሽ እትዬ ሲጠሩኝ «አልችልም» አልኳቸው። ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ እጅህን ምን ሆንክ?» አሉ። «ደህና ነኝ፣ ሌላ ልጅ እልክልዎታለሁ» ብዬ የአጎቴን ልጅ ላክሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ነገሩ አልጣመኝም። ቢላዋውን ከእኔ እጅ ወደ ልጁ እጅ አዛወርኩት እንጂ ምን ለወጥኩ? አሁን ሰው አልክም። ልጁ ከተጠራ ራሱ ይሂድ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ግን እትዬን ብቻቸውን መተው አልሆነልኝም። ስለዚህ ሽንኩርት እልጥላቸዋለሁ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እንዴት ያለ ክምር እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወንድ ልጅ ጓዳ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ሲከትፍ ያየ ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ። ዶሮዋ ግን ትታረዳለች። ሽንኩርት መክተፌ ከመባረኬ በስንት ይርቃል? እስካሁን አልወሰንኩም።

ለዚህ ነገር ለምታስቡ ሰዎች በቁም ነገር የምናገረው አንድ ጉዳይ ቢ12 ነው። ከዕፅዋት አይገኝም። የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ለእኛ የሚደርሰን በስጋ፣ በወተት፣ በእንቁላል በኩል ነው። ጿሚ ሰው በፍስክ ይተካዋል፣ ጉበትም ለረጅም ጊዜ ያከማቻል። ጨርሶ የተወ ሰው ግን ክምችቱ አንድ ቀን ያልቅበታል። ደም ማነስ ያመጣል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል። «አያቶቻችን ሲጾሙ ምን ሆኑ?» ብላችሁ አትሞኙ። አያቶቻችን ፋሲካን ፈስከዋል። ፋርማሲ ሄዳችሁ ቢ12 ያለውን እንክብል ግዙ፤ ስንት እንደምትወስዱ ሐኪም ጠይቁ።

ሌላው ቀላል ነው። ጠዋት ገንፎ በተልባ ወይም በሶ። ምሳ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ጥቅምትና ኅዳር የባቄላ እሸት። ሱፍ ፍትፍት በቃሪያ ካለ ሌላ አልፈልግም። ከእናቴ ጋር የተጣላነው በስልጆ ብቻ ነው። ስልጆ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት የሚቦካ ነው፤ አፍንጫ ይከፍታል። እናቴ ዘንድ ስልጆ የዐቢይ ጾም ነው። ግንቦት ላይ ሥሪልኝ ስላት «ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ስልጆ ሸትቶ ጎረቤት ቢመጣ በሃምሳው ጾም ያዘች ሊባል ነው። ከብዙ ልመና በኋላ ሠራችልኝ፤ እንስራውን ጓዳ ደብቃ።

እናቴ አሁን ለእኔ ለብቻ የሚሠራበት ድስት ለይታለች። ቅቤ የነካው ማንኪያ አይገባበትም። ተስማማችበት ማለት ግን አይደለም። ለጎረቤትማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው የምትናገረው። ማኅበር ላይ አንዲት ሴትዮ «ልጅሽ ምነው ስጋ አይቀምስም?» ቢሏት «ጨጓራ አለበት» አለቻቸው። ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። አገር ምድሩ ጨጓራ ስላለበት ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልተከራከረ። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤት ማንም «በሞቴ» አይለኝም። ለጨጓራ ይበጃል እየተባለ ደግሞ ተልባ ከየቤቱ ይላክልኛል፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በላስቲክ ታስሮ። ትናንት ከእትዬ መጥቷል፣ ዛሬ ደግሞ ከጋሼ ቤት። ጓዳችን ሞልቷል፤ የሚፈልግ ካለ ይምጣ።